ከጭማሪው በፊት ጥበቃው፦ ለቆላ መንገድ መኪናን በግቢ ውስጥ ማዘጋጀት

የዛሬው ዝግጅታችን ከሸሕዲ ተነሥተው ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ሽንፋ፣ ወደ ቋራ ለሚያሽከረክሩ፣ ከአስፋልቱ ወርደው ወደ እርሻ ለሚገቡ ሰዎች ነው። ለባለንብረቱም፣ ለሾፌሩም፣ ለረዳቱም ነው። የምንነጋገረው ላንድክሩዘር ሃርድቶፑን፣ ፒክአፑን፣ ደብል ጋቢናውን በግቢ ውስጥ በገዛ እጅ ስለመጠገንና ለቆላው መንገድ እንዲስማማ አድርጎ ስለማሻሻል ነው። መኪና ማሻሻል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በዓይን የሚታየው ሥራ ነው፤ መኪናውን ከፍ ማድረግ፣ ትልቅ ጎማ መግጠም፣ ባሌስትራ መደረብ፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ፣ ከፊት ወፍራም ብረት ማሠራት። እኔ ዛሬ የምከራከረው ለሌላ ሐሳብ ነው። በዚህ አገር የሚጠቅመው ማሻሻያ ከጥገና የሚወለደው ነው፤ መኪናው አስቀድሞ ያለውን ነገር ከሙቀት፣ ከአቧራና ከውሃ የሚጠብቅለት። አዲስ ሸክም የሚጨምረው ማሻሻያ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናውን ዕድሜ ያሳጥራል። ለዚህ ማስረጃ አቀርባለሁ፤ በተቃራኒው የሚነሡትንም ክርክሮች ሳልሸሽ እመልሳለሁ።

እስቲ ከቦታው እንጀምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ጭልጋን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የመተማ ሜዳ ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል። የመሬቱ ብዙ ክፍል ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። በበጋ ትራክተርና የጭነት መኪና ሲመላለስበት እንደ ዱቄት ይደቅቃል፤ በክረምት ማጥ ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም የጓንግ፣ የሽንፋና የገንዳ ውሃ ወንዞች ይሞላሉ። የእርሻው ሥራ ደግሞ መንገዱ እስኪደርቅ አይጠብቅም። ሰሊጥ የሚዘራው ዝናቡ ሲገባ ነው፤ የሚታጨደውም አፈሩ እርጥበቱን ጨርሶ ሳይለቅ ነው፤ ዘግይቶ የታጨደ ሰሊጥ ራሱን አራግፎ መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ መኪና እጅግ የሚፈለግበት ጊዜና መንገዱ እጅግ የሚከፋበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። በዚህ ቦታ መኪናን የሚያቆመው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሦስት ነገሮች ላይ ይወድቃል፦ የፈላ ራዲያተር፣ በአቧራና በቆሻሻ ናፍታ የታነቀ ሞተር፣ ውሃ የገባበት አክስል። ከሦስቱ አንዱም መኪናውን ከፍ በማድረግ አይፈወስም።

መተማ በዚህ ጉዳይ የራሷ የታሪክ ማስረጃ አላት። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው የእንግሊዙ መኮንን ዊልያም ስሊም 10ኛውን የህንድ ብርጌድ ይዞ ከድንበሩ ማዶ ባለችው በጋላባት በኩል ጣሊያንን አጠቃ። ከጦሩ ጋር 12 ታንኮች ነበሩ። የጋላባት ምሽግ በዚያው ቀን ተያዘ፤ ታንኮቹ ግን አብዛኞቹ በፈንጂና በመሬቱ ድንጋይ ተጎድተው፣ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቆሙ። መለዋወጫ የጫነው መኪና ደግሞ በጣሊያን አውሮፕላን ተመታ፤ የሚጠገነውም ሳይጠገን ቀረ። መተማን ለመያዝ የታሰበው ጥቃት አልተደረገም፤ ብርጌዱም ከጋላባት አፈገፈገ። ለማፈግፈጉ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ሰማዩ በጣሊያኖች እጅ መሆኑ ትልቁ ነው። እኛ ከዚህ የምንወስደው ግን ግልጽ ነው። በዚያ ሰዓት በዚህ ድንበር ከነበረው ተሽከርካሪ ሁሉ በብረት ውፍረት የሚተካከላቸው አልነበረም፤ የጎደላቸው የመለዋወጫ ሣጥን ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ሰው ብዙ ጊዜ መኪናውን የሚነዳው ሰው አይደለም። ባለንብረቱ ከተማ ሆኖ ይከፍላል፤ ሾፌሩና ረዳቱ እርሻ ላይ ያድራሉ። ከፍ የተደረገ መኪና ገበያ መሐል ሲቆም ሁሉም ያየዋል፤ የተቀየረ የናፍታ ፊልትሮ ግን ለማንም አይታይም። ሾፌሩ «ራዲያተሩ ይውረድና ይታጠብ» ሲል ወጪ ማብዛት ይመስላል፤ አዲስ ጎማ ሲባል ግን ለንብረቱ ክብር ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ብር የወጣበት መኪና በርካሽ ዕቃ ጉድለት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረውን ባለንብረትና ሾፌር አብረው ቢሰሙት ይሻላል።

ከአየሩ እንነሣ። በሃርድቶፕ ላይ በብዛት የሚገኘው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የናፍታ ሞተር ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ይዘት አለው። እንዲህ ያለ ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ የይዘቱን ያህል አየር ይስባል። በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር ታዲያ በሰዓት ከ200 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይወስዳል ማለት ነው፤ ወርዷና ርዝመቷ አራት አራት ሜትር፣ ቁመቷ ሦስት ሜትር በሆነች ክፍል ያለውን አየር በሰዓት ከአራት ጊዜ በላይ እንደ መጨረስ ነው። በጥር ወር ከጭነት መኪና ኋላ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ያ ሁሉ አየር ምን እንደተሸከመ ያውቃል። በፊልትሮው ዳር ያመለጠ አቧራ የፒስተን ቀለበቱንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እየፋቀ ይበላል። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም፤ በወራት ውስጥ ዘይት መጉደል ይጀምራል፣ ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ይላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይከተላል። ያን ጊዜ ሞተር ማውረድ ግድ ነው። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈትታችሁ ውስጡን ጥረጉት፤ ጨርቁ ላይ አቧራ ከተያዘ ፊልትሮው በትክክል አልተቀመጠም፣ ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ፊልትሮውን ስታጸዱ በጎሚስታ ቤት ኃይለኛ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ አትንፉት፤ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ወረቀቱንም ይቀደዋል። ግፊቱ ዝቅ ያለ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፤ ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከውስጥ አብርታችሁ አዙሩት፤ ብርሃን በነጥብ ካለፈ ፊልትሮው አልቆለታል። ከመስታወቱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣው የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ ስኖርክል የሚባለው፣ ሰው ለወንዝ መሻገሪያ ይመስለዋል። ለእኛ ቆላ ትልቁ ጥቅሙ አየሩን ከጎማ አቧራ ከፍ ብሎ መሳቡ ነው። እኔ የምደግፈው ማሻሻያ ይህን ዓይነቱን ነው፤ መጋጠሚያው ሁሉ በሚገባ ከታሸገ ብቻ። መጋጠሚያው የሚያስተነፍስ ከሆነ ግን ከጌጥነት አያልፍም።

ናፍታው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ከማደያ ርቆ እርሻ ላይ የሚሠራ መኪና ከጄሪካንና ከበርሜል መጠጣቱ አይቀርም። በርሜል ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በባዶው ቦታ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃ ደግሞ ከናፍታ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ከሥር የተኛውን ቀድቶ ታንከር ውስጥ መገልበጥ ማለት ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን ለዝገት አሳልፎ መስጠት ነው። የድሮው ሞተር ጥቂት ይታገሣል፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚመራው አዲሱ የሃይሉክስ ሞተር ግን ናፍታውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ስለሚረጨው አንድ ጠብታ ቆሻሻ አይምርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጄሪካኑ ሳይነቃነቅ ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ከላይ በቱቦ ይቀዳ፤ ከሥር ያለው አራት ጣት ያህል ይቅር፤ ማንቆርቆሪያው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይግባ። ከናፍታ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ላላ አድርጋችሁ ውሃውን አውርዱ። በጉዞ ላይ አንድ ትርፍ የናፍታ ፊልትሮ ከመቀመጫው ሥር ይኑር። ሁለተኛ የናፍታ ታንከር ማሠራት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ነገሮች ካልለመደ የሚያበዛው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ ነገሩ ጠለቅ ይላል። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በከፍታ ይወርዳል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ። ሸሕዲ አካባቢ 97 እና 98 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ጎንደር ከፍታ ላይ 93 አካባቢ ይፈላል። ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጭልጋ የሚወጣ መኪና ታዲያ ሞተሩ እጅግ በሚደክምበት ሰዓት የውሃው መፍያ ዝቅ እያለበት ይሄዳል። ከዚህ የሚያድነው ብዙ ሰው እንደ ቆርቆሮ ክዳን የሚያየው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ይይዛል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ልክ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያንን 20 ዲግሪ ይወስዳል። «እኛ አገር ውርጭ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚል ክርክር አለ። ኩላንት ውርጭን መከላከሉ አንድ ሥራው ብቻ ነው፤ የመፍያውን ልክ ይጨምራል፣ ውስጡን ከዝገት ይጠብቃል። የጉድጓድ ውሃ ብቻ የሚሞላበት ሞተር የውሃ መንገዱ በዝቃጭ ይለበጣል፤ ዝቃጭ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ይቃጠላል። አንዳንዱ መኪና ሲሞቅበት በሙቀት ልክ የሚከፈተውን ቴርሞስታት አውጥቶ ይጥላል። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በአቋራጩ ይዞራል፤ ሙቀቱን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ራዲያተሩን ከፊት ስታዩት በሣር ፍሬ፣ በነፍሳትና በደረቀ ጭቃ ከተደፈነ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ ቀስ ባለ ውሃ እጠቡት። እዚህ ላይ ከፊት የሚገጠመው ወፍራም ብረትና በላዩ የሚደረደረው መብራት ወደ ክርክሩ ይገባል። የሚቀመጠው ወደ ራዲያተሩ አየር በሚገባበት በር ላይ ነው፤ የፊቱን ክብደትም ይጨምራል። ከብት በሚበዛበት መንገድ ማታ ለሚነዳ ሰው የፊት መከላከያ ትርጉም እንዳለው አልክድም፤ ቀጠን ያለና የራዲያተሩን ፊት ያልዘጋ ይሁን።

አሁን ዋናውን ተቃውሞ እንመልከት። «መኪናው ካልተነሣ ዋልካውን አያልፍም» ይባላል። እስቲ ከመኪናው ሥር ገብተን እንየው። በማጥ ውስጥ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ዲፈረንሻሉ ነው። በሃርድቶፕ ላይ ዲፈረንሻሉ ከግራና ከቀኝ ጎማ ጋር በአንድ ድፍን አክስል ላይ ተቀምጧል፤ ባሌስትራ ሲነሣ የሚነሣው ከአክስሉ በላይ ያለው ሻንሲና አካል ነው። ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት በአንዲት ጣት እንኳ አይጨምርም። የትራክተር ጎማ ቆፍሮ በተወው ቦይ መካከል ያለውን ጉብታ የሚያርሰው ያው ዲፈረንሻል ነው። ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም ከቁመቱ ጭማሪ ግማሹን ነው የሚሰጠው። ከዳር እስከ ዳር 80 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ጎማ በ88 ሳንቲ ሜትር ብትለውጡት ዲፈረንሻሉ አራት ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ለዚያች አራት ሳንቲ ሜትር የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ነው። ማርሹ ሁሉ በ10 በመቶ ይከብዳል፤ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬኑ የሚያቆመው ጎማ ከባድ ይሆናል፤ ቆጣሪው 60 ሲያሳይ መኪናው 66 ይሄዳል። አካሉን ማንሣቱ ደግሞ የክብደቱን መሐል ወደ ላይ ይወስዳል፤ ከላይ በፖርቶ መጋላ ሰውና ጆንያ ሲጨመር ኩርባ ላይ የመገልበጥ አደጋ ነው። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ይወጠራል፤ የትራንስሚሲዮኑ ዘንግ ማዕዘኑ ስለሚሰፋ ክሮቼራው በቶሎ ይበላል። አዲሱ ሃይሉክስ የፊት አክስሉ ድፍን ስላልሆነ ከፊት ሲነሣ ግራሶ የያዙት የጎማ ሽፋኖች ይቀደዳሉ፤ አቧራም ገብቶ ይጨርሰዋል። ሐቁን ለመናገር፣ በነሐሴ ወር ዋልካ ውስጥ የሚያልፈው ትራክተር ነው፤ ከፍ የተደረገ መኪና እዚያው ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀበራል።

«ጭነት ግድ ነው፤ ባሌስትራ ካልተደረበ መኪናው ይተኛል» የሚለው ተቃውሞ ከፊተኛው ይልቅ ክብደት አለው፤ ከኑሮ የመጣ ነውና። የላንድክሩዘር ፒክአፕ አቅም አሥር ኩንታል ገደማ ነው። በመኸር ወቅት ግን አሥራ አምስትና ሃያ ማስጫን የተለመደ ነው። ባሌስትራ ሲደረብ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ መቆሙ ጭነቱን ተሸከመ ማለት አይደለም። ኩሽኔታው፣ ሴሚያሱ፣ ቸርኬው፣ ጎማው፣ ፍሬኑ ሁሉ ያው የድሮው ናቸው፤ መተኛቱ ይሰጥ የነበረው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የጠፋው። ባሌስትራው ሲደነድን በየጉድጓዱ የሚመጣው ምት ወደ ሻንሲው ያልፋል፤ ሻንሲ ደግሞ ባሌስትራው ከተያዘበት ጎን ይሰነጠቃል። ያረጀና የተቀመጠ ባሌስትራን በአዲስ መተካት ጥገና ነው፤ እደግፈዋለሁ። ከልኩ በላይ መደረብ ግን የሦስት ጉዞ ትርፍን በአንድ አክስል ዋጋ መሸጥ ነው። ሁለት ጊዜ መመላለሱ ናፍታ ይበላል፤ እውነት ነው። የናፍታውን ዋጋ በመኸር መካከል ከሚቆም መኪና የቀን ገቢ ጋር አስልቶ ማየት የባለንብረቱ ፈንታ ነው፤ እኔ ስሌቱ ወዴት እንደሚያጋድል አልጠራጠርም።

ጭቃንና አሸዋን ለማለፍ ከሁሉ የረከሰው ማሻሻያ ከጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። የጎማ አየር ሲቀነስ ጎማው ይረዝማል፤ መሬት የሚነካው ክፍል ስለሚሰፋ ክብደቱ ይከፋፈላል። በሃርድቶፕ ላይ የተለመደው 7.50 በ16 ጎማ ካላማዳሪ ያለው ነው፤ ስለዚህ በአስፋልት 40 ፒ.ኤስ.አይ. ይዞ የሚሄደውን ወደ 25 ማውረድ ይበቃል። ከ20 በታች ከወረደ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳሪውን ቫልቭ ይቆርጠዋል። አየር በተቀነሰበት ጎማ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ወደ አስፋልቱ ሲወጣም ወዲያው መልሶ መሙላት ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአየር መለኪያና ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ነው፤ ዋጋቸው ከአንድ ትልቅ ጎማ ጋር አይወዳደርም። ቀለበት ያለውን ቸርኬ መፍታት ግን ለጎሚስታ ይተው። አየሩ ሳይወጣ ወይም ሳይገጥም የተፈናጠረ ቀለበት ሰው ይገድላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ በግቢ ውስጥ ሊሠራ የሚገባውን ማሻሻያ ልንገራችሁ። በየአክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለ። ዲፈረንሻሉ ሲሄድ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ በመተንፈሻው ይወጣል። የጋለው አክስል ገንዳ ውሃ ወይም ሽንፋ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ይጨማደድና ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ከውሃ በታች ከሆነ የሚሳበው ውሃ ነው፤ ዘይት በሚይዘው ሲል በኩልም ይገባል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ያ ዘይት ጥርሱንና ኩሽኔታውን አያድንም። መፍትሔው የጥቂት ሜትር የናፍታ ቱቦ ነው። በመተንፈሻው ቦታ ቱቦ አስገብታችሁ፣ በሻንሲው በኩል አሳልፋችሁ፣ እስከ ሞተሩ ክፍል ላይ አውጡትና ጫፉን ትንሽ ፊልትሮ አልብሱት። ለሁለቱ ዲፈረንሻሎች፣ ለካምቢዮውና ለፎር ዊሉ ሣጥን እንዲሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መኪናው ከሩቅ ሲታይ ምንም አልተለወጠም፤ ከወንዙ ማዶ ሲወጣ ግን ዘይቱ ዘይት ነው። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ የሞዞውን ግራሶ ማየት፣ የዲፈረንሻሉን መሙያ ፈትቶ በጣት ነክቶ የዘይቱን መልክ ማረጋገጥ ልማድ ይሁን። ሌላም አለ፤ በበጋ ወራት ፎር ዊል ስለማይፈለግ የፊት ሞዞው ሳይቆለፍ ከርሞ ይደርቃል። በወር አንድ ጊዜ ቆልፋችሁ አፈር መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱት፤ በአስፋልት ላይ ግን አይሆንም፣ ጥርሱ ይወጠራል።

የዘይት መቀየሪያ ጊዜን በኪሎ ሜትር ብቻ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። በእርሻ መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሞተሩ 250 ሰዓት ይሠራል፤ በአስፋልት በ60 የሚነዳው ያንኑ በ83 ሰዓት ይጨርሰዋል። ትራክተር የሚያውቅ ሰው 250 ሰዓት የዘይት መቀየሪያ ልክ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ያለው ወዳጁ በ10,000 ይቀይራል ብሎ የሚከተል የእርሻ መኪና ሾፌር ሞተሩን 500 ሰዓት በአንድ ዘይት ያሠራዋል፤ ያውም በአቧራ ውስጥ። መፍትሔው ደብተር ነው። ቀኑ፣ ቆጣሪው፣ የተሠራበት ሰዓት በግምት፣ የተጨመረው ዘይትና ውሃ ይጻፍ። ደብተሩ ያልታየውን ያሳያል፤ በሳምንት ግማሽ ሊትር ውሃ የሚጨምር መኪና ወዴት እያፈሰሰ እንደሆነ ያስጠይቃል። የዋን ኤች ዜድ ሞተር የጊዜ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቆጣሪው የማይሠራ ወይም ታሪኩ ያልታወቀ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋውን ሳይጠራጠር ይቀይረው። በዚሁ ሞተር ላይ ቱርቦ ማስገጠም የሚያስቡም አሉ። ሞተሩ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የታሰበ፣ የመጭመቅ ልኩም 22.4 ለ1 የሆነ ነው፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ተጨማሪ ግፊት ማሸከም ቴስታታውንና ፒስተኑን ለመሰንጠቅ ማዘጋጀት ነው።

«ጋራዥ እያለ ሰው በግቢው ምን አደከመው?» ለሚለው፣ እኔ መካኒክን በቤት ሰው ለመተካት አልመጣሁም። ፊልትሮ፣ ዘይት፣ ግራሶ፣ ክዳን፣ ቺንጋ መፈተሽ፣ መተንፈሻ ማውጣት፣ ባትሪ ውስጥ የተጣራ ውሃ መጨመር በግቢ ይሠራል። የፍሬን ዘይት መንገድ፣ መሪ፣ የሻንሲ ብየዳ፣ ፖምፓ ለባለሙያ ነው። ብየዳ ሲሠራም የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ ያለዚያ ዲናሞው ይቃጠላል። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ከሻንሲው ሥር ወፍራም ግንድ፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ይደረግ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት። ቤንዚን ዕቃ ማጠቢያ አይሁን፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ የቡና ከሰል ያገኛል። በቤት ውስጥ ቤንዚን ማከማቸትም እንዲሁ ከእሳት ጋር መተኛት ነው።

ዕቃ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከዓመት ዓመት ይከብዳል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያለው የናፍታ መኪና ረጅም ዘመን እንዲያገለግለን ይፈለጋል፤ ይህም ለማንሣትና ለማሳመር ከሚወጣው ብር ላይ ለትርፍ ክዳን፣ ለቺንጋ፣ ለፊልትሮና ለኩሽኔታ መቆጠብን ያስገድዳል። አስመስለው የተሠሩ ፊልትሮዎች ስላሉ ወረቀቱ የተጣበቀበትን ጠርዝና የጎማውን ልስላሴ ሳያዩ መግዛት አይገባም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ሞተር፣ ሻንሲ ወይም የመጫን አቅም የሚነካ ለውጥ ያደረገ ሰው ቦሎ ሲፈልግ ጥያቄ ይገጥመዋል። የመተንፈሻ ቱቦና ንጹሕ ፊልትሮ ግን ጥያቄ አያስነሱም። የተቃጠለውን ዘይት ደግሞ ወደ ወንዙ አትድፉት፤ ከታች ከብትም ሰውም ይጠጣዋል። በቆላው ምስጥ ስለሚበዛ ለቋሚ እንጨት የሚቀቡት አሉ፤ እሱም ቢሆን ከጉድጓድ ውሃና ከምግብ እህል ርቆ፣ እጅ በፌስታል ተሸፍኖ ይሁን። የቀረው በጄሪካን ተከድኖ ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚበዛው የግንቦት ሥራ ነው። መተንፈሻው፣ የሞዞው ግራሶ፣ የራዲያተሩ እጥበት፣ የክዳኑና የቱቦው ፍተሻ ዝናቡ ሳይገባ ይለቅ። የአየር ፊልትሮው ዋና ጊዜ ከኅዳር በኋላ አቧራው ሲነሣ ነው፤ የናፍታው ጥንቃቄ ዓመቱን ሙሉ ነው። ሾፌሩ ደብተሩን ይዞ ባለንብረቱ ጋ የሚቀርብበት፣ ባለንብረቱም ቁጭ ብሎ የሚያየው በግንቦት ይሁን፤ ሐምሌ ላይ እርሻ ውስጥ የቆመን መኪና ለማውጣት መጀመሪያ የሚከፈለው የትራክተር ኪራይ ነው።